የማይሰማው ወንድም

አንዲት ሴት ነበረች። ደሴ ከተማ ውስጥ መድኃኒት ቤት አላት። ስሟን አልነግራችሁም፤ ዘመዶቿ እዚሁ መካከላችሁ ተቀምጠው ሊሆን ይችላልና። ሥራዋን የምታውቅ፣ ቃሏን የምታከብር፣ ጾሟን የማታጎድል ሴት ናት። አንድ ጠባይ ግን አለባት። መናገር ትወዳለች፤ መልስ መስማት አትወድም። መቼም እናንተ ሰፈር እንዲህ ዓይነት ሰው የለም።

ይህች ሴት ደርበው የሚባል ታናሽ ወንድም አላት። ከእናቷ ማህፀን የወጣ በሕይወት የቀራት እሱ ብቻ ነው። ጁባ ሄዶ ጄኔሬተር እየጠገነ ይኖራል። ሁለቱ ከተነጋገሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

ለምን? እናታቸው ስታርፍ ደርበው አልመጣማ! ለቀብሯ አልመጣም። ለአርባዋ አልመጣም። አንድ ቃል እንኳ አልላከም። እህት ሆዬ በአርባዋ ዕለት ድንኳን ውስጥ ቆማ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አለች። እንዲህ ያለ ቃል ጁባ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፤ ወዲያው ደረሰ። ከዚያ በኋላ ደርበው ቢደውል አታነሳም። ሰው ቢልክ «ምን የሚለው ነገር አለው?» ብላ ትመልሳለች። ምን እንደሚል ግን ጠይቃ አታውቅም።

ሽማግሌ ገባ። የንስሐ አባቷ መምሬ ፈንታና የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ እንድሪስ ተያይዘው ቤቷ ሄዱ። ወሎ ነው፤ ቄስና ሐጂ አብረው ሽምግልና ቢሄዱ ዞሮ የሚያይ የለም። ደጋግመው ሄዱ። ደርበውም ከጁባ እንዲህ ብሎ ላከ፦ «እታለም በሽማግሌ ፊት አንዴ ትስማኝ። ሌላ አልለምናትም። አሁንም ካልሆነ ግን ከእንግዲህ አላስቸግራትም፤ እኔም እህት የለኝም ብዬ እኖራለሁ።»

ያለውን እንደሚያደርግ ታውቃለች፤ የእናቷ ልጅ አይደል! ፈራች። አፏ ቢጨክንም ሆዷ ፈራ። እያቅማማች «እሺ» አለች።

በምን ይነጋገሩ? መድኃኒት ቤቱ ውስጥ በኢንተርኔት የሚሠራ የጠረጴዛ ስልክ አለ። ድምፅ ማጉያ ስላለው ሁሉም አንድ ላይ መስማት ይችላሉ ተባለ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ሦስቱ ስልኩን ከበው ተቀመጡ። ጁባም ደርበው ብቻውን አልነበረም። ሙሄ የሚባል የአገሩ ልጅ በእሱ በኩል ሽማግሌ ሆኖ አጠገቡ ተቀምጧል።

ደወለች። ጠራ። ተነሣ።

መምሬ ፈንታ በአጭሩ ጸለዩ። ጋሽ እንድሪስ መረቁ። ከዚያም መምሬ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው «በል ደርበው፣ ልጄ፣ ተናገር። እህትህ እዚሁ ናት» አሉት።

ዝም።

«ደርበው?»

ዝም።

«ኧረ አይዞህ ልጄ! ሰው ፊት ነው ብለህ አትፈር፣ የሆድህን አውጣው።»

ዝም። አንዲት ትንፋሽ እንኳ የለችም።

ጋሽ እንድሪስ ሽበታቸውን እያሻሹ «መስመሩ ይሆን እንዴ?» አሉ። ሴትዮዋ በጣቷ የስልኩን ትንሽ መስኮት አሳየቻቸው። «መስመሩማ ይኸው፣ ሰከንዱ ይቆጥራል። ተነሥቷል፣ ተገናኝቷል። እሱ ነው ዝም ያለው፣ ጋሼ።»

እንግዲህ የሁለት ዓመት ቁጣ ክዳን ሲከፈት ታውቃላችሁ። ወደ ስልኩ ዞረች። «እናቱን ያልቀበረ ሰው ዝም ቢል ምን ይገርማል!» አለች። «ሽማግሌ አስለምነህ፣ ሽማግሌ ሰብስበህ፣ ዝም ትላለህ? ሳታስበው ነው እንዳልል ሁለት ዓመት ነበረህ። እኔንም ሞታለች በል። ለእኔም ቀብር እንዳትመጣ!» ብላ ዘጋችው። መምሬ ፈንታ «ተይ እንጂ፣ አንቺ ልጅ!» ሲሉ ስልኩ ቀድሞ ተዘግቷል።

ወዲያው የጋሽ እንድሪስ ሞባይል ጮኸች። የሙሄ መልእክት ነው። ሽማግሌው መነጽራቸውን ቤት ጥለው መጥተዋል። ስልኩን ራቅ አደረጉት፤ ቀረብ አደረጉት፤ አልታይ አላቸው። «እስቲ አንብቢልን» ብለው ለእሷ ሰጧት።

መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «አይሰማም። ለዛሬ ተዉት።»

እንዴት አድርጋ ያነበበችው ይመስላችኋል?

አማርኛችን ሲጽፉት አንድ፣ ሲያነቡት ሁለት የሚሆን ቃል ሞልቶታል። ልጆች ሳላችሁ መምህሩ «ይጠብቃል ወይስ ይላላል?» እያለ ያፋጠጣችሁ የለም? ይኼም ቃል እንደዚያው ነው። «ሰ»ን አጥብቃችሁ ካነበባችሁት ድምፁ አይደርስም፣ አይደመጥም ማለት ነው። አላልታችሁ ካነበባችሁት ግን ሰውዬው እንቢተኛ ነው፣ ምክር አይሰማም፣ እሺ አይልም ማለት ነው። ሙሄ ምስኪኑ የጻፈው አጥብቆ ነው። መምሬ «ደርበው? ደርበው?» እያሉ ሲጣሩ ሰምቷል፤ የደርበው ድምፅ ደሴ አልገባም፣ ለዛሬ ስልኩን ተዉት ማለቱ ነው።

እሷ አላልታ አነበበችው። «አይሰማም። ለዛሬ ተዉት።» ሰውዬው አይሰማም፣ ሰውዬውን ተዉት!

ልብ በሉ፤ ማንም አላሳሳታትም። ወረቀትም ሆነ ስልክ ላይ የተጻፈ ቃል በራሱ አይጠብቅም፣ አይላላም። የሚያጠብቀውና የሚያላላው የአንባቢው ልብ ነው። የእሷ ልብ ደግሞ ስለ ደርበው ከወሰነ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሽ እንድሪስ «ላ ኢላሀ» ብለው ተነፈሱ። መምሬ ፈንታ ነጠላቸውን ሰብስበው «እንግዲህ ካልሰማ፣ ሽማግሌ ምን ያደርጋል» አሉ። አንዳቸውም «እስቲ ድገሚው» አላሉም። ተነሥተው ሄዱ። እሷም ሱቋን ቆልፋ ቤቷ ገባች። ያሸነፈች መስሏት ነበር፤ ምሳዋን ግን መብላት አልቻለችም።

ቀኑ ሄደ። አንድ የሥራ ቀን በዚያው በጠረጴዛ ስልክ መድኃኒት የሚያቀርቡላት ሰዎች ጋ ደወለች። ተነሣ። ዝም። «ሀሎ! ምነው ትዘጉኛላችሁ? ሥራ መሥራት ካልፈለጋችሁ ንገሩኝ!» ብላ ጮኸችባቸውና ዘጋች። ወዲያው በሞባይሏ ተደወለ። «እትዬ፣» አላት ሰውዬው ፈራ ተባ እያለ፣ «እኛ እኮ እየሰማንሽ ነው። ስትቆጪንም ሰምተናል። አንቺ ነሽ የማትሰሚን።»

ባለሙያ ጠራች። ዘቢባ የምትባል፣ የኢንተርኔት መስመር እየዘረጋች የምታስተካክል ሴት ናት። ገና ከመግባቷ ሴትዮዋ «ኔትወርኩ ነው» አለቻት። ዘቢባ ሳቀች። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ቆይ እንየው።»

ስልኩን አጥፍታ አበራች። አልሆነም። የስልኩን እጀታ ነቅላ በሌላ ተካች፤ ያው ነው። ኢንተርኔት የሚያመጣውን ገመድ ቀየረች፤ ምንም። ላብ ላብ አላት። «እትዬ፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው» አለች። «እኔ ውጭ ልውጣና በዚህ ስልክ ወደ ሞባይሌ ደውይልኝ። እናገራለሁ። የምሰማሽ ከሆነ እጄን አነሣልሻለሁ፤ አንቺ ደግሞ የምትሰሚውን ንገሪኝ።»

ወጣች። ከመስታወቱ ባሻገር፣ መንገዱ ዳር ቆመች። ሴትዮዋ ደወለች። ዘቢባ አነሣች። ሴትዮዋ «ሀሎ» ስትል ዘቢባ እጇን አነሣች፤ ሰምታለች ማለት ነው። ከዚያ ዘቢባ መናገር ጀመረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል። እጇን እያወናጨፈች ትናገራለች፤ ትስቃለችም። ጆሮ ላይ ግን ምንም የለም። የስልኩ መስኮት ሰከንድ ይቆጥራል።

ሴትዮዋ ባለ በሌለ ድምፅዋ ጮኸች፦ «አይሰማም! ዘቢባ፣ አይሰማም!»

አጥብቃ ነው ያለችው። ሌላ እንዴት ይባላል?

ቃሉ ከገዛ አፏ ወጥቶ የገዛ ጆሮዋ ገባ። እጀታውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አይሰማም። ለዛሬ ተዉት። ከመስታወቱ ማዶ አፉን ከፍቶ የሚናገር ሰው፣ ከዚህ ወዲህ ዝምታ። መደርደሪያውን ተደግፋ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ዘቢባ ተመልሳ ገባች። ነገሩ የገባት ይመስላል፤ ላፕቶፗን ከፍታ ራውተሩን መመርመር ያዘች። ራውተር ማለት ኢንተርኔቱን ተቀብሎ ለቤቱ የሚያከፋፍለው ሣጥን ነው። «አገኘሁት» አለች። «እዚህ ላይ ጥበቃ አለ፤ ፋየርዎል ይባላል። ዘበኛ በዪው። ከውስጥ የሚወጣውን ሁሉ ያሳልፋል። ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ይመልሳል። ያንቺ ድምፅ እየወጣ ነው፣ የሰው መልስ በር ላይ ይቀራል። ስልክሽም ደግሞ ጥፋት አለበት። ‹መልሱን እዚህ ላኩልኝ› ብሎ የሚሰጠው የቤት ውስጥ አድራሻውን ነው። ‹ጓዳ ነኝ› እንደማለት ነው። የማን ጓዳ? ከተማው ሙሉ ጓዳ ነው!»

ከዚያም ጠየቀቻት። «እንዲህ አድርጎ ያስጠበቀው ማነው ግን?»

ሴትዮዋ አስታወሰች። ከዚያ እሑድ በፊት ስልኩ ያለ ሰው እየጮኸ አስቸግሯት ነበር። ይጠራል፤ ስታነሣው ማንም የለም። ኢንተርኔት ላይ የሰው በር እየነካኩ የሚዞሩ አሉ። ተናደደችና ስልኩን የገጠመላትን ሰው ጠርታ «ከውጭ ምንም ነገር እንዳይገባብኝ! ዝጋልኝ!» አለችው። ሰውዬው የታዘዘውን ፈጸመ። ምን ያድርግ?

«እኔ ነኝ» አለች።

«አይ፣ ጥበቃውስ ደግ ነው» አለች ዘቢባ። «አናጠፋውም። የማታውቂው ሰው እንዳይገባ ይከልክል። አንቺ ራስሽ የደወልሽለት ሰው ሲመልስልሽ ግን ይግባ። ይኼን ብቻ ነው የማስተካክለው።» ስልኩም የቤቱን የውጭ አድራሻ እንዲሰጥ አደረገችው። ሲሞክሩት ሠራ።

ሴትዮዋ ግን ደስ አላላትም። «ዘቢባ፣ እሑድ ዕለት ወንድሜ ጋ ደውዬ ነበር። እሱ... ይሰማኝ ነበር?»

«ከተነሣማ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማሽ፣ እትዬ።»

አያችሁ? ይህን ነው ያልጠበቀችው። እሱ ተናግሮ እሷ አለመስማቷ አንድ ነገር ነው። እሷ የተናገረችውን ግን እሱ አንድ በአንድ ሰምቶታል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶች። «ለእኔም ቀብር እንዳትመጣ» ያለችው ጁባ ገብቶ አድሯል።

ደወለች። አላነሣም። ለደርበው የመጨረሻው በር ያ እሑድ ነበር፤ እንደተናገረ ነው። ደገመች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሣ።

ዝም።

አሁን ግን ዝምታው ሌላ ነው። ከኋላ ጄኔሬተር ሲያጓራ ይሰማል። ብረት ሲወድቅ ይሰማል። የሰው ትንፋሽ ይሰማል። ደርበው አለ፤ ዝም ያለው አውቆ ነው። ሴትዮዋ ስለ ራውተሩ፣ ስለ ዘበኛው፣ ስለ መልእክቱ ልታስረዳ አፏን ከፈተች። ሁሉንም ልትናገር ነበር፤ መናገር ትችልበታለች። መልሳ ዋጠችው። አንድ ነገር ብቻ አለች፦

«ደርበው፣ እሑድ ምን ብለኸኝ ነበር?»

ጄኔሬተሩ ያጓራል። እሷ ትጠብቃለች። ትጠብቃለች።

«ሙሄ ድምፅህ አልደረሰም ሲለኝ አላመንኩትም። እውነት አልሰማሽም?» አለ በመጨረሻ።

«አልሰማሁም።»

«አንዲት ቃል?»

«አንዲትም።»

ከዚያ ተናገረ። «እማዬ ስታርፍ አንቺ ለሙሄ ደወልሽለት። ሙሄ ደግሞ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ለብቻውም አይነገርም ብሎ ያዘው። እኔ ከከተማ ርቄ ሥራ ላይ ነበርኩ። እስክመለስ ጠበቁኝ፤ ሰው ሰብስበው ጎሕ ሲቀድ መጡና አረዱኝ። ለካ አርባዋም አልፏል። እታለም፣ የእናቴን መሞትና አንቺ ወንድም የለኝም ማለትሽን የሰማሁት በአንድ ጠዋት ነው። እሑድ የነገርኩሽ ይህንኑ ነው። እያለቀስኩ ነው የነገርኩሽ።»

ሙሄን ማን ይቆጣዋል? ወጉን ነው የጠበቀው። የሰው አገር ላይ ያለን ሰው እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚያረዱት እናንተም ታውቃላችሁ። ሁለት ዓመት ሳይነገር የቀረው ግን የደርበው ምክንያት ነበር፤ እሱን የዘጋው ወግ አልነበረም።

ሴትዮዋ እዚያው መድኃኒት ቤቷ ውስጥ፣ ሰው እየገባ እየወጣ፣ እንደ አዲስ ለቅሶ ተቀመጠች። «ይቅር በለኝ» አለችው። ደጋግማ አለችው።

«ይቅር ብያለሁ» አላት። «እሑድ ያልሽኝ ግን ጆሮዬ ላይ ነው። ቶሎ አይወጣልኝም።»

«ስትናደድብኝ ደውለህ ስደበኝ» አለች። «አንተ እስኪበቃህ እሰማሃለሁ።»

«እደውልልሽ ይሆናል» አላት። በዚያ ቀን ያለው ይህንኑ ነው።

ምእመናን፣ እስቲ አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ስትስቁ የነበራችሁ ቆዩ፤ አትነሡ።

ዝም ያላችሁ ሰው የለም? ዘጋኝ፣ ናቀኝ፣ ረሳኝ የምትሉት? ባል ይሆናል፤ ልጅ ይሆናል፤ አንድ ጡት የጠባችሁት ይሆናል። «ስንት ጊዜ ነገርኩት፣ አይሰማም!» ትላላችሁ። እንዴት አድርጋችሁ ነው ያነበባችሁት? አጥብቃችሁ ነው ወይስ አላልታችሁ? መልሱ አጥር ላይ ቆሞ ይሆን? አጥሩንስ ማን አሳጠረው?

እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው። በአንድ ወቅት ተጎዳን። እውነት ነው፣ ተጎዳን። ማንም እየመጣ በራችንን ነካካው። ከዚያ «ምንም እንዳይገባብኝ» አልን። ሌባው እንዳይገባ የዘጋነው በር ግን ወንድምን ከሌባ አይለይም። ዘበኛው ይጠብቅ፤ በሩ ግን አይጥበቅ!

«እግዚአብሔርም ዝም አለኝ» የምትሉ አላችሁ። ስትነግሩኝ ሰምቻለሁ። ጾማችሁ ይቆጠራል፤ ስግደታችሁ ይቆጠራል፤ ስለታችሁ ይቆጠራል። መስመሩ ክፍት ነው፣ ይቆጥራል ትላላችሁ። ተናግራችሁ፣ ለምናችሁ፣ «አሜን» ብላችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት ግን ለመልሱ ቦታ ትታችሁለታል? እሱ እናንተን ጥርት አድርጎ ይሰማችኋል። ስትቆጡም ሰምቷል።

የንግግር ድሆች አይደለንም፤ ሁላችንም አፍ አለን። ስለዚህ ዛሬ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ቤት ስትገቡ ጫማችሁን ሳታወልቁ ለዚያ ሰው ደውሉለት። ስሙን አሁን በልባችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኔ መጥራት የለብኝም። ካላነሣ ድገሙ። ሲያነሣ አታስረዱ፣ አትውቀሱ፣ ይቅርታም ቢሆን አትደርድሩ። «ምን ብለኸኝ ነበር?» በሉት።

ከዚያ ዝም በሉ። ዛሬ ዝም የማለቱ ተራ የእናንተ ነው።